የኤሌክትሪክ ምጣድ መቆጣጠሪያ

የኤሌክትሪክ ምጣድ መቆጣጠሪያ ወደ እንጀራ ምጣድ የሚገባውን ኃይል የሚያበራ፣ የሚያጠፋ፣ የሚመጥንና አደጋ ሲኖር የሚያቋርጥ የምጣዱ ክፍል ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት የማሞቂያ ዕቃዎች ብዙውን ጊዜ ከፍተኛውን ኃይል የሚስበው ምጣድ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ አሮጌ ምጣዶች ከአንድ ማብሪያ ማጥፊያና ከአንድ ጠቋሚ መብራት በቀር ሌላ መቆጣጠሪያ የላቸውም። ሙቀቱን የምትለካውና የምትመጥነው ጋጋሪዋ ራሷ ናት። ሸክላውና ሽቦው ደኅና እስከሆኑ ድረስ እንዲህ ያለውን ምጣድ ሳይጥሉ መቆጣጠሪያውን ብቻ ማሻሻል ይቻላል። ማሻሻያው የእሳትና የኤሌክትሪክ አደጋን ይቀንሳል፤ የሚባክነውንም ኃይል በከፊል ያተርፋል።

ታሪካዊ ዳራ

እንጀራ ለዘመናት የተጋገረው በሦስት ጉልቻ ላይ በተቀመጠ የሸክላ ምጣድ፣ በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት እሳት ነው። በዚህ አጋገር መቆጣጠሪያው ማገዶው ነበር፤ ሙቀት ሲያንስ ይጨመራል፣ ሲበዛ ይሳባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ምርጥ ምድጃ እሳቱን በሲሚንቶ ግድግዳ በመክበብ ማገዶን በእጅጉ ቀነሰ፤ ሙቀቱን የመመጠኑ ሥራ ግን እንደ ቀድሞው በጋጋሪዋ እጅ ቀረ።

በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ የኤሌክትሪክ ታሪክ ከጢስ ዓባይ ጋር የተያያዘ ነው። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ሲሆን፣ የዓባይ ወንዝ ጢስ እሳት በሚባለው ፏፏቴ የሚወርድበት ቦታ ነው። በዚያ የተሠራው ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ። ሦስት ተርባይኖቹ በድምሩ 11.4 ሜጋዋት ያመነጩ ነበር። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል ቢባል፣ ይህ ጠቅላላ ኃይል በመስመር ላይ የሚባክነው ሳይቆጠር በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው 3,250 ያህል ምጣድ ብቻ ነው። ስሌቱ ምጣድ በኃይል አቅርቦት ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የጣና ሐይቅን ፍሰት የሚመጥነው የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ 73 ሜጋዋት አቅም ያለው ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ በ460 ሜጋዋት አቅም ሲመረቅ የሐይቁ ውኃ ብዙው ድርሻ ወደ በለስ ዞረ። ዛሬ የባሕር ዳርም ሆነ የጢስ ዓባይ ምጣዶች ኃይል የሚያገኙት ከብሔራዊው የኃይል ቋት ነው።

የአሮጌው ምጣድ አሠራር

የተለመደው የቤት ምጣድ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ የሸክላ ሳህን አለው። በሸክላው ሥር በተቆፈረ ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ በተለምዶ ሬዚስታንስ የሚባለው የኒክሮም ወይም የተመሳሳይ ቅይጥ ጥምዝ ሽቦ ይቀበራል፤ ቦዩም በጀሶ ይደፈናል። ሳህኑ በቆርቆሮ መያዣ ውስጥ ተቀምጦ በብረት እግር ላይ ይቆማል፤ ከላይ በአክንባሎ ይከደናል።

በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ የሽቦው ተቃውሞም 13.8 ኦም ያህል ነው። ኃይሉ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚለዋወጥ የመስመሩ ቮልቴጅ ወደ 180 ሲወርድ የምጣዱ ኃይል ወደ 2.3 ኪሎዋት ያህል ይወርዳል። ከትራንስፎርመር ርቀው በሚገኙ ቤቶች ምጣድ ለመጋል የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸክላ ሙቀትን ቀስ ብሎ ያስተላልፋል፤ ብዙም ይይዛል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳህን 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከ20 ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። በ3.5 ኪሎዋት ይህ ምንም ሙቀት ባይባክን እንኳ ሰባት ደቂቃ ይወስዳል። ጀሶውና መያዣው የሚወስዱት ሙቀት ሲጨመር ምጣዱ እስኪግል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ያልፋል።

እንጀራ በደንብ የሚበስለው የምጣዱ ገጽ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ሊጥ ሲፈስ ገጹ በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝና እንፋሎት ወደ ላይ ሲወጣ የእንጀራው ዓይን ይከፈታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጀራው ከወጣ በኋላ ምጣዱ ተወልውሎ ቀጣዩ ሊጥ እስኪፈስ ድረስ ገጹ እንደገና ይግላል። ይህ ክፍተት ከረዘመና ሽቦው እንደበራ ከቆየ ሙቀቱ ከሚገባው በላይ ይወጣል።

ልምድ ያላት ጋጋሪ ይህን ሁሉ የምታውቀው ያለ መለኪያ ነው። የጎመን ዘር ሲነሰነስ ጭሱ የሚወጣበትን ፍጥነት፣ ዓይኑ የሚከፈትበትን ጊዜና የእንጀራው ጠርዝ የሚነሳበትን ሁኔታ ታያለች። «የምጣድ ማሟሻ» የሚባለው የመጀመሪያው እንጀራም የሙቀት መፈተሻ ነው። ምጣዱ ከቀዘቀዘ እንጀራው ይለጥፋል፣ ዓይንም አያወጣም፤ ከጋለ ደግሞ ሥሩ ያርራል።

የአሮጌ መቆጣጠሪያ ጉድለቶች

በአሮጌ ምጣዶች ላይ የሚገኘው መቆጣጠሪያ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። አንዳንዱ ምጣድ ይህም ስለሌለው በስፒና ወይም በብሬከር ይበራል፣ ይጠፋል። ዋና ዋና ጉድለቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

- ኃይሉ ሙሉ ነው ወይም የለም፤ መካከለኛ ደረጃ የለውም።
- ጠቋሚው መብራት ኃይል መኖሩን ብቻ ያሳያል፤ ምጣዱ መጋሉን ወይም ሽቦው መበጠሱን አይናገርም።
- ለ16 አምፔር ያልተሠራ ማብሪያ ወይም ሶኬት በተደጋጋሚ ሲበራና ሲጠፋ መገናኛው ይቃጠላል፤ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።
- መብራት በመጋገር መካከል ጠፍቶ ምጣዱ ሳይጠፋ ከተረሳ፣ መብራቱ ሲመለስ ማንም በሌለበት መጋል ይጀምራል።

የመጨረሻው ከሁሉ አደገኛው ነው። መብራት ሲጠፋ ሊጡ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ቤተሰቡ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል ወይም ይተኛል። ምጣዱ ላይ የተተወ ሰፌድ፣ ማሰሻ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ኃይል ሲመለስ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

የማሻሻያ ዓይነቶች

ኃይል ሲቋረጥ የሚለቅ ማብሪያ። ኮንታክተርና ሁለት ቁልፎች፣ አንዱ ማስነሻ ሌላው ማቆሚያ፣ አንድ ላይ የሚሠሩበት ዘዴ ነው። ማስነሻው ሲጫን ኮንታክተሩ ይይዝና ራሱን በራሱ ያበራል። መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ሲመለስም ሰው ዳግመኛ ካልጫነው አይበራም። የሙቀት መለኪያ የለውም፤ ነገር ግን ከላይ የተጠቀሰውን ትልቁን አደጋ የሚያስቀረው ይህ ነው። ስለዚህ ከማሻሻያዎች ሁሉ ሊቀድም ይገባዋል።

የኃይል መምረጫ። ሽቦው እንደ አዲስ በሚጠመዘዝበት ጊዜ በሁለት እኩል ክፍል ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል 27.7 ኦም ቢሆን መምረጫው ሦስት ደረጃ ይሰጣል።

- ሁለቱ ክፍሎች ጎን ለጎን ሲገናኙ 3.5 ኪሎዋት፤ ለማጋያ።
- አንዱ ክፍል ብቻ ሲበራ 1.75 ኪሎዋት፤ ክፍተቱ ሲረዝም።
- ሁለቱ በተከታታይ ሲገናኙ 0.88 ኪሎዋት ገደማ፤ ሙቀት ለማቆየት።

ይህ ዘዴ ኤሌክትሮኒክስ የማይጠይቅ በመሆኑ ለጥገና ቀላል ነው። ጉድለቱ አንዱ ክፍል ብቻውን ሲበራ የምጣዱ ገጽ እኩል እንዳይግል ማድረጉ ነው። የሁለቱ ክፍሎች ቦይ እርስ በርስ እየተፈራረቀ ከተሠራ ችግሩ ይቀንሳል።

ሜካኒካል ቴርሞስታት። በፈሳሽ የተሞላ ቀጭን ቱቦ ወይም ሁለት ብረት የተጣበቁበት ዝርግ ሲሞቅ ይሰፋል ወይም ይጎብጣል፤ በተመረጠው ሙቀት ላይም መገናኛውን ይከፍታል። ቮልቴጅ በወረደ ጊዜ ሽቦው ረዘም ላለ ጊዜ እንዲበራ ስለሚያደርግ የመስመሩን መዋዠቅ በከፊል ያካክሳል። ሙቀት ከ250 ዲግሪ በላይ መድረስ የሚችልና 16 አምፔር የሚሸከም መሆን አለበት። የውኃ ማሞቂያ ቴርሞስታት የሚሠራው ከ100 ዲግሪ በታች ስለሆነ ለምጣድ አያገለግልም።

ዲጂታል መቆጣጠሪያ። ቴርሞካፕል የሚባል የሙቀት መለኪያ፣ ቁጥር የሚያሳይ መቆጣጠሪያና ኃይሉን የሚያበራ ሪሌይ አሉት። ቀላሉ ዓይነት የተመረጠው ሙቀት ሲደርስ ያጠፋል፣ ጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ያበራል። በሸክላው መዘግየት ምክንያት ሽቦው ከጠፋ በኋላም የገጹ ሙቀት መውጣቱን ስለሚቀጥል ይህ ዓይነት አልፎ ይሄዳል። የተሻለው ዓይነት ወደ ግቡ ሲቃረብ የማብሪያ ጊዜውን ያሳጥራል፤ ለምሳሌ ከ20 ሰከንድ ውስጥ 12ቱን ብቻ ያበራል። እንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ማብራትና ማጥፋት ኮንታክተርን ቶሎ ስለሚጨርስ ተንቀሳቃሽ አካል የሌለው ኤሌክትሮኒክ ሪሌይ ያስፈልጋል። ይህ ሪሌይ በ16 አምፔር 20 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ስለዚህ የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ሲበላሽ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደበራ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ከፊቱ ኮንታክተርና ለብቻው የሚሠራ የሙቀት መቁረጫ ሊኖር ይገባል።

ሰዓት ቆጣሪ። ከተመረጠ ጊዜ በኋላ ምጣዱን የሚያጠፋ ወይም የሚደውል ነው። ሙቀትን አይመጥንም፤ የመርሳት አደጋን ግን ይቀንሳል።

የሙቀት መለኪያው ቦታ

የማሻሻያው ውጤት ከመቆጣጠሪያው ዋጋ ይልቅ በመለኪያው ቦታ ላይ የተመሠረተ ነው። መለኪያው የጋለውን ሽቦ ከነካ የሚለካው ሽቦውን እንጂ ሸክላውን አይደለም፤ ምጣዱ ሳይግል ያጠፋል። በሳህኑ ጠርዝ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ቀዝቃዛውን ቦታ ስለሚያነብ መሐሉ ያርራል። በምጣዱ ገጽ ላይ ማስቀመጥም አይቻልም፤ ገጹ በየጊዜው ይወለወላል፣ እንጀራም ይወጣበታል።

ተስማሚው ቦታ ከመሐሉና ከጠርዙ መካከል፣ በሁለት የሽቦ ቦዮች መሐል፣ ከሥር በኩል ወደ ሸክላው ጥቂት ገባ ያለ ጉድጓድ ነው። መለኪያው ከሽቦው በሸክላ መለየት አለበት፤ የብረት ሽፋኑም ከመሬት ሽቦ ጋር መገናኘት ይኖርበታል።

ከሥር የሚነበበው ቁጥር ከገጹ ሙቀት ጋር እኩል አይሆንም፤ ልዩነቱም ከምጣድ ምጣድ ይለያያል። ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር በመመሪያ ላይ አይገኝም። ጋጋሪዋ እንደ ልማዷ እየጋገረች እንጀራው ባማረበት ጊዜ መቆጣጠሪያው የሚያሳየው ቁጥር ይመዘገባል፤ መቆጣጠሪያውም በዚያ ይስተካከላል። የጤፍ፣ የማሽላና የገብስ ሊጥ የተለያየ ቁጥር ሊፈልግ ይችላል። በዚህ አሠራር መሣሪያው የጋጋሪዋን ዕውቀት አይተካም፤ ያገኘችውን ሙቀት ይዞ ያቆይላታል።

ከማሻሻል በፊት የሚደረግ ምርመራ

ሥራው የሚሠራው ስፒናው ተነቅሎና ምጣዱ ቀዝቅዞ፣ በሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የሚከተሉት መታየት አለባቸው።

- ሸክላው። ከገጽ እስከ ሥር የዘለቀ ስንጥቅ ያለበት ምጣድ አይሻሻልም። እርጥብ ሊጥ በስንጥቁ ወርዶ ሽቦውን ሊነካና ምጣዱን ኤሌክትሪክ ሊያሲዝ ይችላል።
- ሽቦው። ተቃውሞው ይለካል። ለ3.5 ኪሎዋት ምጣድ ከ13.8 ኦም በጣም ካነሰ ሽቦው በሆነ ቦታ ተነካክቷል ወይም አጥሯል፤ ምንም ካልተነበበ ተበጥሷል።
- መከለያው። በሽቦውና በብረት መያዣው መካከል ኤሌክትሪክ አለመተላለፉ ይረጋገጣል።
- የቤቱ መስመር። ምጣዱ ለብቻው የተዘረጋ መስመርና 20 አምፔር ብሬከር ሊኖረው ይገባል። የመዳብ ገመዱ ውፍረት ከ2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ማነስ የለበትም፤ ርቀቱ ረጅም ከሆነ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ይመረጣል።
- የመሬት ሽቦ። በተለምዶ ኤርዝ የሚባለው ሽቦ ከብረት መያዣውና ከእግሩ ጋር መገናኘቱ ይታያል። ብዙ አሮጌ ምጣዶች ይህ የላቸውም።

በመያዣው ውስጥ ያሉት ገመዶች ሙቀት የሚችል መከለያ ያላቸው መሆን አለባቸው። የመቆጣጠሪያው ሳጥን ከምጣዱ ሥር አይቀመጥም፤ ሙቀት፣ ሊጥና ውኃ በማይደርስበት፣ ጋጋሪዋ ግን በምጣዱ ላይ ሳትንጠራራ ልትነካው በምትችልበት ቦታ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በ30 ሚሊ አምፔር የፍሳሽ ኃይል የሚቋረጥ መከላከያ ብሬከር ከተጨመረ የኤሌክትሪክ መያዝ አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል። ጋጋሪዋ እጇ እርጥብ ሆኖ ለረጅም ሰዓት የምትሠራ በመሆኗ ይህ መከላከያ ለምጣድ የተለየ ጠቀሜታ አለው።

የኃይል ቁጠባ

አንድ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ሳይጠፋ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚጋግር ቤተሰብ በዚህ ስሌት በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ለምጣድ ብቻ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው የታሪፍ ማሻሻያ ለመኖሪያ ቤት ዝቅተኛው ዋጋ ይሠራ የነበረው በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ደንበኛ ነበር። ምጣዱ ብቻውን ወደዚህ ወሰን ይቃረባል፤ መብራት፣ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ሲጨመሩ ቤተሰቡ ወደሚቀጥለው የዋጋ ደረጃ ያልፋል።

መቆጣጠሪያው ሽቦውን ከመጋገሪያው ጊዜ አንድ አምስተኛውን ቢያጠፋው በእያንዳንዱ ጋገራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ትክክለኛው መጠን በጋጋሪዋ ልማድ ይወሰናል። ሊጥ ሳታቋርጥ የምታፈስና በሰዓቱ የምታጠፋ ሴት ከመቆጣጠሪያው የምታተርፈው ጥቂት ነው፤ ጀማሪ ወይም በመሐል ሌላ ሥራ የምትሠራ ግን ብዙ ታተርፋለች።

ገደቦች

መቆጣጠሪያ ሊያስተካክል የሚችለው ከልክ በላይ የሚገባውን ሙቀት ብቻ ነው። በሥርና በጎን የሚወጣው ሙቀት በመከለያ ካልተያዘ መባከኑን ይቀጥላል። በመያዣው ሥር እንደ መስታወት ሱፍ ያለ ሙቀት የሚችል መከለያ መጨመር፣ አክንባሎውን የሚገጥም ማድረግና በአንድ ጊዜ ብዙ መጋገር የመቆጣጠሪያውን ያህል ዋጋ አላቸው። ሸክላው ቀጭን ሲሆን ቶሎ ይግላል፣ መቆጣጠሪያውንም ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ይሰበራል።

መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ማንኛውም መቆጣጠሪያ አይረዳም። የጋለው ሸክላ በያዘው ሙቀት አንድ ወይም ሁለት እንጀራ ሊያወጣ ይችላል፤ የቀረው ሊጥ ወደ ማገዶ ምድጃ ይሄዳል ወይም ይኮመጥጣል። በባሕር ዳርና በአካባቢዋ በብዙ ቤቶች የማገዶ ምድጃ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጎን የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

በውጭ አገር

በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለእንጀራ ከሚጠቀሙባቸው ዕቃዎች አንዱ ሌፍሰ ለሚባለው የኖርዌይ ቂጣ የተሠራው ክብ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ነው። በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ኩባንያ የሆነው ቤተኒ የሚሠራው ይህ መጋገሪያ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የአሉሚኒየም ሳህንና እስከ 500 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 260 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የሚደርስ ቴርሞስታት አለው። አሉሚኒየም ሙቀትን ቶሎ ስለሚያስተላልፍ ቴርሞስታቱ የገጹን ሙቀት ለመከተል አይቸገርም። ለእንጀራ ተብለው የተሠሩ፣ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ያላቸው ምጣዶችም በዚያ ይሸጣሉ። በሸክላ ምጣድ ላይ ተመሳሳይ መቆጣጠሪያ ሲገጠም ያው ውጤት የማይገኘው ሸክላው ስለሚዘገይ ነው፤ የመለኪያው ቦታና የማብሪያ ጊዜው አመጣጠን ለሸክላ ተብሎ መስተካከል አለበት።